አንድ ትንፋሽ ያመጣብን የፖም ለቀማ

እኔ ከመሄዴ በፊት ደርሼ የምመለስ ሰው ነኝ። አንድ ቦታ ልሄድ ካሰብኩ ገና ጫማዬን ሳላስር እዚያ ደርሼ፣ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ከሰው ተጫውቼ፣ ትንሽም ተጣልቼ ታርቄ እጨርሳለሁ። ባለፈው ዓመት በርገን የምትባለውን ከተማ አያለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ሳስባት ከረምኩና፣ ቀኑ ሲደርስ የመንገዱ ድካም ስለተሰማኝ ቤቴ ቀረሁ። ሰው "በርገን እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ዝናብ ነው" እላለሁ። እስካሁን የተጠራጠረኝ የለም።

ሥራዬም ለዚህ ጠባዬ የተመቸ ነው። ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ፣ እዚህ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሕፃናት ረዳት ነኝ። እዚህ ኖርዌይ ሕፃናትን ቀን ቀን የሚያስተኟቸው በጋሪ አድርገው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ደጅ ነው። ጋሪዎቹን ተቀምጦ መጠበቅ ብዙ ጊዜ የእኔ ድርሻ ነው። ያ ሁሉ ሕፃን ለጥ ብሎ ሲተነፍስ መሃሉ ተቀምጦ አለመተኛት ጀግንነት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ጀግና ነኝ ብዬ አላውቅም። አንድ ቀን አለቃችን መጥታ ስንት ልጅ እንደተኛ ስትጠይቅ፣ ባልደረባዬ እኔንም ጨምራ ነው ቆጥራ የነገረቻት።

እንግዲህ በመስከረም ወር፣ እዚያው ጋሪዎቹ መሃል ተቀምጬ፣ ከጎረቤት ግቢ በአጥራችን ላይ የተንጠለጠለውን የፖም ዛፍ እያየሁ ሳለ ነው ሕልሙ የመጣው። ለስለስ ያለች ፀሐይ ወጥታለች። ሣሩ ላይ አንሶላ ተነጥፏል። ቅርንጫፎቹ በፖም ብዛት ጎንበስ ብለዋል። አንሶላው ላይ በላቸውና አምሳሉ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በላቸው አንድ ፖም በቢላዋ ለሁለት ይከፍልና ግማሹን ለአምሳሉ ይሰጠዋል። አምሳሉ ይቀበለዋል።

ይኼ ምኑ ይገርማል የሚለኝ አንባቢ ሁለቱን አያውቃቸውም። በላቸው ሄልስፊር ካለው መናኸሪያ የሚነሳ አውቶቡስ ነጂ ነው። አምሳሉ ቢሮ ያጸዳል። እኔን ጨምሮ ሦስታችን ወደዚህ አገር የመጣነው በአንድ ክረምት ነው፤ በስደተኞች ካምፕ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን አድረናል፤ አንድ ወፍራም ካፖርት ነበረን፤ የሚወጣው ሰው ይለብሰዋል፣ የቀሩት ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። እንዲህ የኖሩ ሰዎች ናቸው ካለፈው ጸደይ ጀምሮ ሰላምታ የተነፋፈጉት።

ምክንያቱ መርዶ ነው። የአምሳሉ እናት አገር ቤት ሲያርፉ ቤተ ዘመድ የደወለው ለበላቸው ነበር። ማክሰኞ ነው የተነገረው። እንግዲህ ደንባችንን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ እንዲሁ በስልክ ተወርውሮ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በሩን አንኳኩቶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳው። ሰዉም ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜ ስለሆነ ለቅዳሜ ተቀጠረ። አምሳሉ ግን ረቡዕ ማታ ምንም ሳያውቅ ኳስ ለማየት በላቸው ቤት መጣ። በላቸው አስተናገደው። አብረው በሉ፣ አብረው አዩ፣ አብረው ሳቁ። ቅዳሜ ጠዋት መርዶውን ለመንገር በሩን ካንኳኩት ሰዎች ፊት የቆመው ያው በላቸው ነበር።

አምሳሉ አርባው እስኪወጣ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ግን "እናቴ ሞታ እያወቀ አብሮኝ ሳቀ" ብሎ ዘጋው። ደንቡን አጥቶት አይደለም፤ እሱም ስንቱን ሰው አርድቷል። ነገር ግን ደንብ በሰው ላይ ሲሆንና በራስ ላይ ሲሆን ይለያያል። በላቸው ደግሞ ኩሩ ነው፤ "ደንቡን ባደርግ ምን አጠፋሁ?" ብሎ እሱም ዘጋ። እኔ መሃል ቀረሁ። ያኛው የዚህኛውን ስም አይጠራም፤ "ያ ሾፌሩ ሰውዬ" ይለኛል። ይኼኛውም "ያ ጓደኛህ" ይለኛል። ሁለቱን ካላስታረቅሁ ሁለቱንም እንደማጣቸው ገብቶኛል፤ እነሱን ካጣሁ ደግሞ በዚህ ከተማ ውስጥ ያ ካፖርት ትዝ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ልሆን ነው።

ስለዚህ በፖም ላስታርቃቸው ወሰንኩ። ሕልሜን አምኜ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው፤ ቢሆንም ያች ላም ጥጃ ጭምር ነበራት።

መጀመሪያ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበር፤ ቀጥሎም መኪና። ሁለቱንም በአንድ ሰው አገኘሁ። ሮመን በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ካለሁበት ፎቅ ሥር አቦይ ኑር የሚባሉ ጡረተኛ ኤርትራዊ ጎረቤት አሉኝ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ቆማ መሄዷ ራሱ የሚያስገርም አንዲት ያረጀች የዕቃ መኪናም አለቻቸው፤ ከኋላ ወንበር አስገብተውባታል። ሄጄ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። ሰሙኝና በመጨረሻ የጠየቁኝ ስለ ጠቡ ሳይሆን ስለ ፖሙ ነበር።

"እነዚህ ፈረንጆች አዳምን ያሳተው ፖም ነው ይላሉ" አሉኝ። "የእናንተ ቄሶች ደግሞ በለስ ነው ይላሉ። አስመራ በለስ የምንለውን ታውቀዋለህ? ዙሪያው እሾህ ነው። አዳም ያንን ያለ ጓንት ከቀጠፈ ቅጣቱን እዚያው ተቀብሏል፤ ከገነት ማባረር አያስፈልግም ነበር።"

ይህን ካሉ በኋላ እሺ አሉ። ሽምግልናውን ከልባቸው ስለያዙት ንግግር ማዘጋጀት ጀመሩ። በደረጃው ስወጣና ስወርድ ከበራቸው ጀርባ "ልጆቼ፣ ሰው ለሰው ነው" ሲሉ እሰማቸው ነበር፤ አንዳንዴ ቆጣ ብለው፣ አንዳንዴ አለስልሰው። አንድ ጊዜ ድምፃቸው ሲሰበር ሰምቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያም ዕርቁ ስላለቀ ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ።

አሁን የቀረው የፖሙ ቦታ ነው። ባልደረባዬ፣ ያች ከሕፃናቱ ጋር የቆጠረችኝ፣ ሊየር የሚባለው የገጠር አገር ላይ የፖም ማሳ ያላቸው ቱሪድ የሚባሉ ሴትዮ እንደምታውቅ ነግራኝ ስልካቸውን ሰጠችኝ። ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገር።

እኛ ሰዎች ሌላው ሲናገር እየሰማን መሆናችንን የምንገልጽበት መንገድ አለን። አፋችንን ከፈት አድርገን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። አገር ቤት ይህ ማንንም አይገርምም፤ "እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል" ማለት ነው። ፈረንጅ ፊት ግን ሰው ደንግጦ ሐኪም ሊጠራልን ደርሶ ያውቃል። እኔ ያላወቅሁት፣ በዓለም ላይ ይህንኑ ትንፋሽ የሚስቡ ሌሎች ሰዎች ያሉት እዚሁ ኖርዌይ ውስጥ መሆኑን ነው፤ በተለይ የሰሜኖቹ። እነሱ ጋ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ "ያ" ማለት ነው፤ እሺ፣ ተስማምቻለሁ፣ አለቀ። ቱሪድ ደግሞ ተወልደው ያደጉት ሰሜን ነው።

የደወልኩላቸው ማዮርስቱን ትራሙ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሆኜ ነው። የሰሜን ኖርዌይኛቸው ፈጣን ነበር፤ ትራሙም ይጮኻል። እሳቸው አንድ ነገር ይላሉ፣ እኔ በትሕትና ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ። ሌላ ነገር ይላሉ፣ ሳብ አደርጋለሁ። እሳቸውም በበኩላቸው ሳብ ያደርጋሉ። ሁለት ሰዎች በስልክ እንዲህ ያለ መግባባት ላይ ሲደርሱ አይቼ አላውቅም። ከሁሉም ውስጥ በትክክል የያዝኩት "ቅዳሜ"፣ "ፖም" እና "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚሉትን ነው። ሴትዮዋ በመጨረሻ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ እንባ የተናነቃቸው መሰለኝ። እንግዳ እንዲህ የሚወዱ ሰዎች አሉ ለካ አልኩ። በዚያ ደስታ ባቡር ውስጥ ገብቼ፣ አንሶላው ላይ ተጋድሜ፣ ሮመንን አልፌ መጨረሻው ፌርማታ ቬስትሊ ላይ ነቃሁ።

ጓደኞቼን ማሳመን ነበር የከበደው። አንዱ ሌላው እንደሚመጣ አያውቅም። አምሳሉ "ፖም እኮ ሱቅ ታጥቦ ተደርድሯል፤ ዛፍ ላይ ካልበላሁት ብሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው?" አለኝ። በአየሩ መጥፎነት ሳይሆን በአየሩ መልካምነት አስፈራራሁት፤ ከዚህ በኋላ ፀሐይ እስከ ሚያዝያ እንደማትታይ ነገርኩት። በላቸው ደግሞ የሚበላውን ነው የጠየቀኝ። አቦይ ኑር እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፤ የአንዳችንን ሥጋ አንዳችን ስለማንበላ በቀይ ምስር፣ በጎመንና በድንች ተስማማን። በላቸው "ፍስክ ቀን መሃል ጾም አስገባህን" ብሎ ሳይወድ እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ነበር። አምሳሉን ሮመን ላይ አሳፈርነውና ከኋላ ተቀምጦ ወዲያው አሸለበ። ሄልስፊር ስንደርስ በላቸው መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። በሩን ከፍቶ ገባ፤ አቦይ ኑርም ልክ እንደ ተለማመዱት በሩ ሲዘጋ መኪናዋን አስነሱ። የዚያች መኪና የኋላ በር ከውስጥ አይከፈትም። በዕድሜዋ ያመጣችው ጉድለት ነው፤ ያን ቀን ግን ውለታዋን አልረሳውም። አምሳሉ ነቃ፤ በላቸው አየው፤ ሁለቱም እኔን አዩኝ። እኔ ጉሙን አየሁ።

ሊየር እስክንደርስ ያለው መንገድ ረዘመብኝ። አምሳሉ በቀኝ መስኮት፣ በላቸው በግራ መስኮት ይመለከታሉ። አንዱ ለሌላው የሚለውን ሁሉ ለእኔ ይላል። አምሳሉ "ወንድሜ፣ የጎንህን መስኮት ዝጋልኝ" ይለኛል፤ መስኮቱ ያለው በበላቸው በኩል ነው። በላቸው ይዘጋዋል፤ "ለጓደኛህ ተዘግቷል በለው" ይለኛል። ውጭ ግን ጉሙ እየተገለጠ፣ ቢጫ ቅጠል ከጉሙ ሥር ብቅ እያለ፣ ማሳው በእርጋታ እየተዘረጋ ነበር። ደረስን ስንባል ሕልሜ ውስጥ የነበርኩ መሰለኝ፤ ፖሙ እንዳየሁት ነው፤ ቅርንጫፉም ጎንበስ ብሏል።

አንሶላው ነው የጎደለው። በአንሶላው ፋንታ እስከ ማሳው ጫፍ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች፣ አራት መሰላሎች፣ አራት ጥንድ ጓንቶችና አንድ ትራክተር ነበሩ። ቱሪድ ቀጭን፣ ወገባቸውን በመቀነት ያሰሩ ሴትዮ ናቸው። ቸኩለው መጡና ተራ በተራ አቀፉን። የዱግናዱ ሰዎች መጣችሁልኝ አሉ።

ዱግናድ የሚባለው ነገር የእኛው ደቦ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ በነፃ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። ቀስ እያሉ ሲያስረዱኝ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ወገባቸው ታሟል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ፖሙ ዛሬ ካልወረደ ጭማቂ የሚጨምቁት ሰዎች መኪና ከሰዓት መጥቶ ባዶውን ይመለሳል፤ ሌላ ጊዜ አይመጣም። ጎረቤቶቻቸውን ሊለምኑ ነበር፤ እኔ ግን ሰው ይዤ መጥቼ ሁሉንም እንደማወርድላቸው ስለነገርኳቸው አትምጡ አሏቸው።

እንዲህ ብዬ አላውቅም ልላቸው ነበር። እሳቸው ግን አፋቸውን ከፈት አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡና፣ በየጥያቄው እንዲህ አላልከኝም? አሉኝ። ከኋላዬ የሦስት ሀበሻ ዓይን ማጅራቴ ላይ ተተከለ።

"በደቦማ ባለቤቱ ድግስ ይደግሳል" አሉ አቦይ ኑር በአማርኛ፣ ዙሪያውን እየቃኙ። ቱሪድ የተናገሩት የገባቸው ይመስል ቤት ገብተው ቡና በቴርሞስና ዋፍል የሚባል ቀዝቃዛ ቂጣ አመጡ። አቦይ ኑር አንዱን በአክብሮት ቀመሱና ጓንታቸውን አጠለቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ያ ሁሉ ፖም ለአራት ሰው ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

መሥራት ጀመርን። የቡና ለቀማ የመሰለው በላቸው ቅርንጫፉን በእጁ ሸምጠጥ ሲያደርግ ቱሪድ ጮኹ። ፖም አይጎተትም፤ በመዳፍ ደግፈው ትንሽ ቀና ያደርጉታል፣ ከበሰለ ራሱ ይለቅቃል። አቦይ ኑር ሳጥን ሞልተው ወደ ትራክተሩ ይወስዳሉ፤ በየመሃሉም ንግግራቸውን ያሟሻሉ። እኔ ታችኛውን ቅርንጫፍ ተሰጠሁ፤ ገና በመጀመሪያው ዛፍ መሰላል ላይ ሆኜ ሩቅ ሩቁን ሳይ ሦስት ጊዜ ሊጥለኝ ስለነበር ነው። አምሳሉ ከፍ ያለው ዛፍ ላይ ወጣ። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ መሰላሉ ተወዛወዘ። በላቸው ከሚቀጥለው ዛፍ ሥር ቆሞ አየው፤ ዞር አለ፤ እንደገና አየው። ከዚያ መጥቶ በሁለት እጁ ያዘለት። "ጓደኛህን መሰላሉ ተይዟል በለው" አለኝ። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ለአንዲት አፍታ ብዬ ጀርባዬን ሣሩ ላይ አሳርፌ ነበር።

ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። አንሶላው ተነጠፈ። በላቸው ፖሙን ለሁለት ከፈለ።

ስነቃ ድምፅ እሰማለሁ። ከላዬ፣ ከቅጠሉ መሃል ነው። ዓይኔን ልገልጥ ስል አምሳሉ "ተኝቷል፣ ተወው" ሲል ሰማሁና ተውኩት። ሕልም ይሁን እውን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ሕልም ከሆነ መንቃት አልፈለግሁም፤ እውን ከሆነ ደግሞ መንቀሳቀስ ፈራሁ።

"ሳቅህ እኮ ነው ያልወጣልኝ" አለ አምሳሉ። "መደበቅህን ይቅር፣ ደንብ ነው። ግን እንዴት ሳቅ መጣልህ?"

ፖም ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ቆየት ብሎ ሌላ።

"ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ እማማ የሞቱት ለእኔ ብቻ ነበር" አለ በላቸው። "አንተ ዘንድ በሕይወት ነበሩ። ሬሳቸውን ብቻዬን ተሸክሜ ነው አውቶቡስ የነዳሁት። ረቡዕ አንተ ስትመጣ በር ልዘጋብህ አስቤ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብለህ ስለሳቸው ማውራት ጀመርክ። ሳቅሁ። አምሳሉ፣ ከሞተች በኋላ ሰው የምታስቅ ሌላ እናት አላየሁም።"

መሰላሉ ሲጢጥ አለ።

"ምን ነበር ያወራሁህ?" አለ አምሳሉ። "ከዚያ ወዲህ የሚታየኝ ከፈኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ያየሁት በፎቶ ነው። የምትስቅበት አንድ ነገር አይመጣልኝም። ንገረኝ።"

በላቸው ነገረው። እማማ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ መስታወት ላይ ሲያዩት ከስቶ አገኙት። ወዲያው ወጥ አስቀረቡ፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ "በሞቴ፣ በሞቴ" እያሉ ስልኩን አጎረሱት። አምሳሉ እዚህ ሮመን ላይ ቆሞ የታየው በርበሬ ብቻ ነበር። ከዚያ ወጡ ስልኩ ውስጥ ገባና ድምፁ እየሟሸሸ ጠፋ። በማግሥቱ እማማ በጎረቤት ስልክ ደወሉ።

"ምን ብላ?" አለ አምሳሉ፤ ገና ሳይነገረው መሳቅ ጀምሯል።

"'ስልኩስ ጠገበ' አሉ። 'አንተ ምን በላህ?'"

አምሳሉ ሳቀ። ሳቁ ከላይ ወደ እኔ እየወረደ መሃል መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ የበላቸውም አብሮት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተጋድሜ እንባዬ በሁለቱም ጆሮዎቼ ውስጥ ገባ። አቦይ ኑር ባዶ ሳጥን ይዘው ሲመጡ የእግራቸው ኮቴ ተሰማኝ፤ ትንሽ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ንግግራቸውን ትተው ሳጥኑን አስቀምጠው ተመለሱ።

ከዚያ ሁለቱ መሰላሉን በአንድ ጫፍ አንዱ፣ በሌላው ጫፍ ሌላው ይዘው ወደሚቀጥለው ዛፍ ሲያዛውሩት ሰማሁ። በላቸው "ቀስ፣ እሱን እንዳትረግጠው" አለ። በእኔ ላይ ተሻግረው ሄዱ።